ቅዳሴ የማን ነው

ያን ቄስ ገና ዓይኑን ሳላየው ነው የጠላሁት። ቀሺ ሓድሽ ይባላል አሉኝ፤ ስሙ በቃኝ። ከተከዜ ማዶ የሚመጣ ስም ሁሉ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለጆሮዬ ኮሶ ነው። አፍሬ የምደብቀው ነገር አይደለም፤ ከጅምሩ ይታወቅልኝ።

ልጄ ቴዎ የትግራይ ጦርነት የተነሳ ሰሞን ከምንኖርባት ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጥቶ፣ በገላባት አድርጎ መተማ ተሻገረ። ከዚያ ከጎበዞቹ ጋር ወደ ተከዜ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። እኔ አለ እላለሁ። ጎረቤት "እርምሽን አውጪ የሺመቤት" ሲለኝ "እርሜን የማወጣው ሬሳውን አምጥታችሁ ስታሳዩኝ ነው" እላለሁ። በዚህ ነገር ከስንቱ ጋር ተቆራርጫለሁ።

ባሌ አስፋው ግን እንደኔ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት በገዳሪፍ ዙሪያ ያለውን የቁረይሻን ጥቁር አፈር በትራክተር ሲገለብጥ የኖረ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። የካቲት ላይ ኩላሊቱ አሸነፈውና አልጋ ያዘ። ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ጠራኝ።

"የሺ፣ በአርባዬ አስቀድሽልኝ" አለ። "ፍትሐት ብቻ አድርገሽ እንዳታልፊኝ፤ ቅዳሴ ይሁንልኝ። ስሜ ሲጠራም የልጁን ስም ካጠገቤ አስጠሪው።"

"የየትኛው ልጅ?"

"እያወቅሽ አትጠይቂኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ ብለሽ አስጠሪው።"

ኃይለ ጊዮርጊስ የቴዎ የክርስትና ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለነፍስ የሚጠራው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ ቴዎ፣ አስፋው፣ የሺመቤት የሚባለው ሁሉ ከደጅ ይቀራል። አስፋው ወልደ አማኑኤል ነው፤ እኔ ወለተ ሐና ነኝ።

"ያንተን አስጠራለሁ" አልኩት። "ቅዳሴውንም አስደርግልሃለሁ፤ ሰማይና ምድር ይደበላለቃል እንጂ አላስቀርብህም። የልጄን ስም ግን ከሙታን ጋር ሲጠሩት ቆሜ አልሰማም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁም ስለ ቅዳሴውም ለኔ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። እኔም ተናደድኩበት፤ ሰው እንዴት የመጨረሻውን ሙግት ሳይጨርስ ይሄዳል?

ቅዳሴ ደግሞ እንደ ሻይ ብቻህን አፍልተህ የምትጠጣው ነገር አይደለም። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። አራት ሆነው ሲያለቅሱ ቢውሉ ለቅሶ እንጂ ቅዳሴ አይሆንም። ገበያው ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያናችን በደጉ ጊዜ ሰባት ልዑካን ነበሯት። ታኅሣሥ ላይ የሱዳኖቹ ጦርነት ተጠግቶ የመደኒ ከተማ ስትያዝ ሰዉ ጓዙን እየጠቀለለ በገላባት ወጣ፤ ካህናቱም ሰው ናቸውና አብረው ወጡ። የቀሩልን ቄስ መልኬና ሁለት ዲያቆናት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኪዳኑ ይደርሳል፣ ውዳሴ ማርያሙ ይደገማል፣ መንበሩ ግን እንደተሸፈነ ነው።

አርባው ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ቄስ መልኬ ዘንድ ሄድኩ።

"ከሰላ ይላኩ" አልኳቸው። "እዚያ ካህን አይጠፋም።"

"ልኬ ነበር" አሉ። "እነሱም አራት ሆነው አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል። ጭራሽ ከእኛ ካልወሰድን አሉ።"

"ታዲያ አስፋው ምን ይሁን?"

ጢማቸውን አሻሹ። "ካምፑ ውስጥ አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን አሉ። የእነሱ ሁለት፣ የእኛ ሦስት፤ አምስት ሞላ።"

"የየትኛው ካምፕ?"

"የትግሬ ስደተኞቹ ነዋ።"

ከወንበሩ ተነሳሁ። "ይሂዱና ይለምኗቸዋ!"

"እኔ ከሄድኩ የቄስና የቄስ ክርክር ይሆናል። ሟቹ ያንቺ ነው። ሐዘንተኛ ሲለምን እምቢ ለማለት ይከብዳል።"

እውነቱን ለመናገር ፈርተው ነው። ቄስ መልኬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ከፊታቸው እንዲቆም ይወዳሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በርበሬዬን ገበያ ላይ ዘርግቼ ደንበኛን እየገላመጥኩ ዋልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን ለበስኩ።

ያደረሰን ሰልማን ነው። ጎረቤቴ ነው፤ ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእኛ ጋር በአንድ መንገድ የመጡ የጎንደር እስላሞች ናቸው። እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ ከኋላዋ አግዳሚ የተገጠመላትን፣ ቦክሲ የሚሏትን ፒካፕ መኪና እየነዳ ይኖራል። እኔን ኻልቲ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ልጄ ፅናትም አብራን መጣች። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም ከረመዳን ጋር በአንድ ቀን ነው የገባው፤ ሦስታችንም ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ፣ የገዳሪፍ ፀሐይ አናታችን ላይ ተቀምጣ ነው የሄድነው።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመንና ወዴት ናችሁ አለ። ሰልማን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ለቁዳስ ቄስ ሊያመጡ ነው" አለው በዓረብኛ።

"አሃ፣ ናስ ከኒሳ!" አለ ወታደሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማለቱ ነው። "ያላ፣ እለፉ።"

"ምንድን ነው ያልከው?" አልኩት ሰልማንን ስናልፍ።

"ቁዳስ ነዋ። እዚህ አገር ያሉት ቅብጦች ቅዳሴያቸውን እንዲያ ነው የሚሉት፤ ሱዳኑ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ስንሰግድ ለፈጣሪ ቁዱስ እንላለን፣ ኻልቲ። አንድ ቃል ነው።"

አንድ ቃል ነው! ስድሳ ዓመት የኔ ብቻ የመሰለኝን ቃል ከአንድ ጠመንጃ ከያዘ ሱዳኒ ጋር ተካፍዬ ኖሬያለሁ። ይህም አናደደኝ። ያን ሰሞን የማያናድደኝ ነገር አልነበረም።

ካምፑ ስንደርስ ሰው እየጠቆመ ወሰደን። ቀሺ ሓድሽ ሃምሳ አምስት የሚሆነው፣ ጉንጩ የጎደጎደ ረጅም ሰው ነው። ክረምት ሳይገባ ብሎ የድንኳኑን ጣሪያ በማዳበሪያ ጆንያ ይጥፍ ነበር። ዲያቆኑ ጉዕሽ፣ ሠላሳ ዓመት የሚያልፈው ትከሻው የደነደነ ሰው፣ ጆንያውን ወጥሮ ይዞለታል። ቄሱ እኛን ሲያይ ወረደና ከኪሱ መስቀሉን አውጥቶ ዘረጋልን። ፅናት ጎንበስ ብላ ተሳለመች። እኔ ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። መስቀሉ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ኪሱ ተመለሰ። ጉዕሽ በትግርኛ አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ምን ፈልገው መጡ፣ ኣደይ?" አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። አማርኛው የጠራ ነው፤ ጎንደር ስድስት ዓመት መጽሐፍ እንደተማረ ኋላ ሰማሁ። እሱ እርስዎ ሲለኝ እኔ አንተ አልኩት። ቄስን አንተ ማለት ነውር መሆኑን ስቼው አይደለም።

"የባሌ አርባ የፊታችን ረቡዕ ነው። ቅዳሴ ጎድሎብናል። አንተና ዲያቆንህ መጥታችሁ ትቀድሳላችሁ።"

"ልመና ነው ወይስ ትእዛዝ?"

"እንደፈለግህ ውሰደው።"

መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። "ሦስት ዓመት ጽዋ አልጨበጥኩም" አለ። "ከመቅደሴ ያስወጡኝ ሰዎች ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚናገሩት። ታቦቴን እንኳ ተሰናብቼ አልወጣሁም።"

"እኔ አይደለሁም ያስወጣሁህ።"

"ልጅ አለዎት?"

"አለኝ።"

"ይቺን አላልኩም። ወንድ ልጅ።"

"አለኝ አልኩህ እኮ።"

"የት ነው ያለው?"

ፅናት መሬት መሬት ታያለች። ቄሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና "ገባኝ" አለ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ርኅራኄ አልነበረም፤ እኔም ርኅራኄውን ብሰማ ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

"እመጣለሁ" አለ። "ግን እኔም ስም እጠራለሁ።" ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከመጽሐፉ መሀል የታጠፈ ወረቀት ይዞ ወጣ። "ሰባ ሦስት ነፍስ ነው። እዚህ ካምፕ የሞቱ፣ መንገድ ላይ የወደቁ፣ አገር ቤት ያለ ቀባሪ የቀሩ። ለአንዳቸውም አልተቀደሰም።"

"በኔ ቅዳሴ?" ብዬ ጮህኩ። ከየድንኳኑ ሰው አንገቱን አወጣ። "እኛን የገደሉትን በኔ ቅዳሴ ልታስጠራ?"

"በእርስዎ ቅዳሴ?" አለና ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። "ቅዳሴ የማን ነው? ለመሆኑ የቃሉን ትርጉም ያውቁታል?"

"አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቄሳችን አስተምረውናል። ቀደሰ ማለት ለየ ማለት ነው። እኛም ይኸው ከእናንተ ተለይተን ነው የምንኖር።"

"መለየቱንስ ታውቁበታላችሁ።"

ከዚያ ሳልጠይቀው ቃሉን ከሥሩ ጀመረልኝ። እዚያው ፀሐይ ላይ አቁሞኝ። ቀደሰ በግዕዝ አመሰገነም ነው፣ አከበረም ነው፣ ለየም ነው አለ፤ የሚለየው ግን ዕቃው ከተራ ዕቃ፣ ቀኑ ከተራ ቀን ተለይቶ ለእግዚአብሔር ነው እንጂ፣ ሰው ከሰው አይደለም። ዕብራውያንም ቃሉ አላቸው፣ ዓረቦችም አላቸው፤ ኢየሩሳሌምን አል ቁድስ የሚሏት ከዚሁ ነው። ግሪኮች ግን ይህንኑ ሥርዓት ሊጡርጊያ ይሉታል፤ ሕዝብና ሥራ የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የወለዱት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የከተማ ቃል ነበር አለ። ከተማው ባለጠጋውን ይጠራና ለሁላችን የጦር መርከብ አስታጥቅ ይለዋል፤ እሱም ከቤቱ አውጥቶ ያስታጥቃል። ያ ለሕዝብ የሚሠራ ሥራ ነው ሊጡርጊያ የተባለው። ኋላ ሰባው ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲመልሱ፣ ካህናቱ በመቅደስ የሚሠሩትን ሥራ በዚሁ ቃል ጠሩት።

"ለዚህ ነው አንድ ቄስ ብቻውን ዳዊት መድገም እየቻለ ብቻውን መቀደስ የማይችለው" አለ። "የሕዝብ ሥራ ስለሆነ። ሕዝብ ደግሞ እየመረጡ እንደሚጠሩት የሰርግ ታዳሚ አይደለም። መርከቡ ከተሠራ የማይወዱትም ሰው ይሳፈርበታል።"

"በመርከብህ ራስህ ተሳፈርበት!" አልኩት። "እኔ ባሌን ላሳስብ ነው የመጣሁ እንጂ ግሪክ ልማር አይደለም።"

"እንግዲያው ሌላ ቄስ ይፈልጉ።" ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለሱ ይመስለኛል።

ጥዬው ሄድኩ። ቦክሲው ላይ ወጥቼ "ንዳ" አልኩ። ሰልማን ሞተሩን አስነሳ፣ ግን አልነዳም።

"ኻልቲ፣ የሞተው አስፋው ነው። ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ይሉ የለ?"

"አንተ ደግሞ ስለ ቅዳሴ ምን አገባህ?"

"ዩማ፣ ዓለይኪ አላህ" አለች ፅናት፤ እማዬ፣ በፈጣሪ ማለቷ ነው፤ ሱዳን ያደጉ ልጆች ሲጨንቃቸው ዓረብኛ ይቀድማቸዋል። "ለአቡዬ ቃል ገብተሽለታል። እኔ ሰምቻለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ እሺ በያቸው።"

አስፋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው መጣብኝ። ሞተሩ እየተንተከተከ፣ ላቡ በጀርባዬ እየወረደ፣ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በሕይወቱ አንድ ነገር ነው የለመነኝ፤ ግማሹን ከልክዬዋለሁ፣ ግማሹን እንኳ ላስቀርበት ነው? ወረድኩና ተመልሼ ሄድኩ።

"ይጠራ" አልኩት ቄሱን። "ግን ወረቀቱን ልየው። ጠመንጃ የያዘውን እሰርዛለሁ።"

ዘረጋልኝ። ሕፃናትና አሮጊቶችን ልተው፣ ጎረምሳ ጎረምሳውን በስሙ ለይቼ ልሰርዝ ነበር ሐሳቤ። ሓጎስ፣ ኣባዲ የሚል እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ የማያውቅ ሰው እንኳ የማይሳሳተውን ነው የተሳሳትኩት። ወረቀቱ ላይ ያለው ወልደ ሥላሴ፣ ወለተ ጻድቅ፣ ገብረ መድኅን፣ ተክለ ሃይማኖት ነው። የክርስትና ስም ብቻ። የእኛን ሙታን መዝገብ ገልጠህ ብታየው ከዚህ በምንም አይለይም።

"ይሄ ማነው?" አልኩ ጣቴን አስቀምጬ።

"ገብረ መድኅን ነው።"

"ሥራው ምን ነበር?"

"ክርስቲያን ነበር።"

"ዕድሜውስ?"

"እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ይሰርዙት ከፈለጉ፤ እርሳስ ልስጥዎት?"

የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳልጨርስ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ጣልኩለት። "ረቡዕ በአምስት ሰዓት ድረሱ" ብዬ ዞር አልኩ። እንዳሸነፈኝ አውቋል፤ ደስ ያላለው መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ደስ ቢለው ኖሮ የምጠላበት ሌላ ምክንያት አገኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከካምፑ በአንድ ሎሪ አርባ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። ቄሱንና ዲያቆኑን እንጂ ሕዝቡን ማን ጠራው? የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብተው በግንቡ ጥላ ሥር ተደረደሩ። የእኛ ሰው ሁሉ ወደ ዛፉ ሸሸ። ከመሀል ያለውን ባዶ መሬት የሚሻገር ሰው አልነበረም፤ ውሻ እንኳ አልተሻገረውም። ከሎሪው መጨረሻ የወረደችው የዲያቆን ጉዕሽ እናት ናት፤ ኣበባ ትባላለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፀጉሯን ለሐዘን የተላጨች ሴት። ልጇ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። ፊት ለፊት ተያየን። ሰላም አላልኳትም፣ እሷም አላለችኝም።

"ገዳይ ሰብስበሽ አመጣሽብን" አለችኝ ጎረቤቴ ብፅአት በጆሮዬ።

"እኔ ሁለት ልዑካን ነው ያመጣሁት" አልኳት። "የቀረውን ለቄስሽ ንገሪ።"

በጾም ቅዳሴ የሚገባው በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ፣ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ደርቆ ገባን። የእኛ ዲያቆን ጉዕሽን መሥዋዕቱ በሚሰናዳበት በቤተልሔሙ ዕቃውን ሦስት ጊዜ እንዳሳጠበው ሰምቻለሁ። ጉዕሽ ሦስቱንም ጊዜ አጥቦ፣ አራተኛ ልጠብ ወይ ብሎ ጠይቆታል። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ መቆማችን የወትሮ ነው፤ ያን ቀን ግን ሴቱም ከሁለት ተከፈለ፣ ወንዱም ከሁለት ተከፈለ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን አራት ቦታ ተቆረሰች።

ዜማው ተጀመረ። ቄስ መልኬ ያነሱታል፣ ቀሺ ሓድሽ ይቀበላል። ሁለቱም የደብረ ዓባይ ዜማ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከአርማጭሆ፣ አንዱ ከሽሬ ሄደው የተማሩት እዚያው ነው። ድምፃቸው ከአንድ ጉሮሮ የሚወጣ ይመስል ነበር። ቢጋጭ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ወር ቅዳሴ አጥቼ የቆየሁ ሴት፣ ከዚያ ሰው አፍ ስሰማው ዕንባዬ መጣ፤ ዕንባዬንም ጠላሁት። ቀሺ ሓድሽ ጽዋውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ዓመት አልጨበጥኩም ያለው ትዝ አለኝ። ይንቀጥቀጥ አልኩ በሆዴ።

ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ ሲል እኔ ለፅናት እጅ ነሳሁ፣ ብፅአት ለእኔ እጅ ነሳች። በማዶ በኩል ያሉት ለራሳቸው ሰው እጅ ነሱ። ተሻግሮ ያጎነበሰ የለም። ከቅዳሴ መሀል መውጣት ደግሞ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁላችንም እየተጠላላን፣ እየተራብን፣ አንድ አየር እየተነፈስን ቆምን። የሕዝብ ሥራ ያለው ይህን ከሆነ፣ አዎ፣ ከባድ ሥራ ነው።

ለሙታን የሚጸለይበት ደረሰ። ቄስ መልኬ ወደ መቅደሱ በር ብቅ ብለው የእኛን ስም ጠሩ። መጀመሪያ ወልደ አማኑኤል አሉ። አስፋው ነው። ነፍስ ይማር አልን። ቄስ መልኬ አላለፉም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ አስፋው ለሳቸውም ነግሯቸው ኖሯል። ሁለተኛውን ስም እንድሰጣቸው ቦታውን ከፍተው ጠበቁኝ። ወለሉን አየሁ። ፅናት እጄን ጨበጠች፤ እጄን ነጠቅኋት። ቄስ መልኬ ትንፋሽ ወስደው ወደሌሎቹ ሙታን አለፉ።

ቀጥሎ ቀሺ ሓድሽ ወረቀቱን ዘረጋ። በእኛ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። እሱ አንገቱን እንኳ ሳያዞር መጥራት ጀመረ፤ አንድ ስም፣ ትንሽ ዝምታ፣ አንድ ስም፣ ትንሽ ዝምታ። በማዶ በኩል በየስሙ አንዲት ሴት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ልጅ ይነቃነቃሉ። ማን የማን እንደሆነ ከመነቃነቃቸው ይታወቃል። እኔ ጥርሴን ነክሼ እቆጥር ነበር፤ ይለቅ እንጂ ብዬ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ።

"ኃይለ ጊዮርጊስ" አለ።

ማን ነገረው? ወደ ቄስ መልኬ አየሁ፤ እሳቸውም ደንግጠው ወደ እኔ ያያሉ። ወዲያው ከማዶ ኣበባ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትንሰቀሰቅ አየሁ። ጉዕሽ በመቅደሱ በር መብራቱን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ ገባኝ። ልጇ ነው፤ የጉዕሽ ወንድም። የሷም ልጅ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። የኔን አይደለም የጠራው፤ የሷን ነው።

ቀሺ ሓድሽ ትንሿን ዝምታ ዝም አለ። ወደሚቀጥለው ስም ሊሄድ ነው። ስሙ ተጠራ፣ ተለቀሰለት፣ ነፍስ ይማር ተባለለት፤ ሁሉም ለሷ ልጅ። የኔ ልጅ በየትኛው በረሃ እንደወደቀ የማይታወቀው፣ አባቱ እየለመነ ስሙን የከለከልኩት፣ በገዛ ስሙ ደጅ ቀረ። እዚያች ሴት ላይ የተነሳብኝን ቁጣ እስከዛሬ በማንም ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የቄሱ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ሁለት ናቸው!" አልኩ።

በቅዳሴ መሀል ሴት ብቻዋን ድምፅ አታሰማም። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብፅአት ነጠላዬን ጎተተችኝ።

"ሁለት ናቸው፣ አባ! አንዱ የኔ ነው! የኔን አልጠሩትም!"

"ዩማ" አለች ፅናት።

ቀሺ ሓድሽ በቅዳሴ መሀል ነውና መልስ አልሰጠኝም። ጣቱን ካለበት መስመር አላነሳም። ከዚያ ድምፁን ከቅድሙ ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን ሳያሳጥር፣ "ኃይለ ጊዮርጊስ" አለ።

ከኔ በፊት ኣበባ "ነፍስ ይማር" አለች። ለኔ ልጅ፣ ከኔ ቀድማ። ከዚያ የማዶው ሰው ሁሉ አለ፤ ከዚያ የእኛ ሰው አለ። በመጨረሻ እኔ አልኩ። ልጄ የሞተው ያን ዕለት ነው።